በእማማ ስም የመጣው ግብር

ሙሉዬ፣

«ለጤናሽ እንደምን አለሽ» ብዬ ልጀምር ነበር። ደብዳቤ እንደዚያ ይጀመራል ተብለን ስላደግን እጄ ሳላዘው ጻፈው፤ መልሼ ሰረዝኩት። ስለ ጤናሽ ለመጠየቅ ትንሽ ዘግይቻለሁ። ከተለየሽን ዓመት ሊሞላ ነው። ሙት ዓመትሽ ከፍልሰታ ጾም በፊት ይሁን ወይስ በጾሙ ውስጥ በሚለው ጉዳይ እናትሽና የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቻቸው ሲከራከሩ ከረሙና፣ በመጨረሻ «ሙሉ ሥጋ ትወድ ነበር» በሚለው ነጥብ እናትሽ ረቱ። ከጾሙ በፊት ነው።

ስለ ቤት ላውራሽ። የኩሽናው መስኮት አሁንም ካልመቱት አይዘጋም። ካፖርትሽ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፤ ላወርደው አስቤ ነበር፣ ግን የኔ ብቻውን ሲሰቀል አላማረበትም። አንቺ ትሠሪበት በነበረው ፋርማሲ አንድ ወጣት ገብቷል። ጎበዝ ነው ይላሉ፤ መድኃኒት ሲሰጥ ግን ቀና ብሎ ሰው አያይም። እናትሽ የደም ግፊት ክኒናቸውን ሲቀበሉት «እግዜር ይስጥልኝ፣ ፊቴ ወዲህ ነው» ይሉታል፣ በአማርኛ። ሊዲያ እዚሁ ለንደን፣ ብሪክስተን ሰፈር፣ ከአራት ጓደኞቿ ጋር ተከራይታ እንዳለች ነው። ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ዳድ፣ በልተሃል?» ብላ ነው። ወልደን አሳድገን እናቴ ሆነችልሽ።

ዋናው ወሬ ግን የጓሮው ቤት ነው።

እማማን ከደሴ ልታመጫቸው ስትወስኚ፣ ያቺን በአትክልቱ ጥግ ያለችውን ቤት ስታሠሪ ታስታውሻለሽ? እኔ አንድ ቀን ሳላስብ «ሰርቪሱ መቼ ያልቃል?» አልኩሽ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ከዋናው ቤት ጀርባ ያለውን ሁሉ ሰርቪስ ነው የሚለው፤ ክፋት አልነበረውም። አንቺ ግን የግንበኛውን እርሳስ ከአፍሽ አውጥተሽ፣ «እናቴን የሠራተኛ ቤት አላስተኛም። ይህ የእማማ ቤት ነው» አልሽኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእማማ ቤት ተባለ። ግንበኛው ለምን ከዋናው ቤት ጋር በኮሪደር አይገናኝም ቢል እምቢ አልሽ። የራሳቸው በር ይኑራቸው፣ የራሳቸው ምድጃ፣ የራሳቸው ማጠቢያ። «ውሃ ለማፍላት ማንንም ማስፈቀድ የለባትም፤ ዕድሜዋን ሙሉ በሰፋችው ልብስ ስታድር የኖረች ሴት ናት» ነበር ያልሽው። በሩ የተገጠመ ዕለት ቁልፉን በሻሽ ቋጥረሽ ሰጠሻቸው። እሳቸውም ሻሹን ሳይፈቱ ከነቋጠሮው ጡታቸው ውስጥ ከተቱት።

ሙሉዬ፣ ያቺ በር ጉድ አፈላች።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ስምሽን ከካውንስል ታክሱ፣ ከዚህ አገር ማዘጋጃ ቤት የቤት ግብር ላይ፣ ማስነሳት ነበረብኝ። ብዙ ቀን አቆየሁት። በመጨረሻ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ትሁት ነበረች፤ «ስለ ባለቤትህ በጣም አዝናለሁ» ካለች በኋላ፣ እንግዲህ በቤቱ ያለሁት ዐዋቂ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ከግብሩ ሩብ እንደሚቀነስልኝ ነገረችኝ። ሩብ። በዚህ አገር ሚስት የሞተችበት ሰው ሐዘኑ ተመዝኖ ሩብ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሦስቱን እጅ ራሱ ይችላል ማለት ነው። አመሰገንኳት። ከዚያ፣ «በግቢው ውስጥ ሌላ የሚኖር ሰው አለ?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ያው እኔ ነኝ። አማቴ ከጓሮ እንዳሉ፣ የራሳቸው በር እንዳላቸው ነገርኳት። «የራሳቸው በር?» አለች። ማብሰያስ? አላቸው። ማጠቢያስ? እሱም አለ፣ ባለቤቴ ናት ያሠራችው። ስላንቺ ሥራ ስጠየቅ መኩራራት ስለማልተው ሰድሩን ሳይቀር ገለጽኩላት።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰው መለኪያ ይዞ መጥቶ በሩን አየ፣ ማጠቢያውን አየ፣ እማማ ያቀረቡለትን አምባሻ በላ፣ ሄደ። ከዚያ ሁለት ቤት ናችሁ የሚል ወረቀት መጣ። የእማማ ቤት ለብቻው ቤት ነው፤ አኔክስ ይሉታል። ለብቻው ይገበርበታል። ግብሩም የሚመጣው በሚኖርበት ሰው ስም ነው። እንግዲህ አስቢው፤ ኮሪደር ብትሠሪለት ኖሮ አንድ ቤት ነበርን። አንቺ ለእናትሽ ክብር ብለሽ ያስገጠምሽውን በር ካውንስሉም አከበረው።

እኔ ቢሉ ላይ ያየሁት የገንዘቡን ልክ ነበር። እናትሽ ግን፣ ሙሉዬ፣ ደስታቸውን ብታዪ! ፖስታው ላይ ስማቸው በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ተዋበች ከነአባታቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጣታቸውን እያስሄዱ ደጋግመው አነበቡት። «ደረጀ፣ በዚህ አገር ስሜን የጻፈው ሐኪም ቤት ብቻ ነበር። ሐኪም ቤት እስክሞት ይጠብቃል፤ እነዚህ ግን እንድኖር ይፈልጋሉ» አሉኝ። ወስደው ከእመቤታችን ሥዕል ሥር አቆሙት።

የደሴውን ቤት የግብር ደረሰኝ በጠረጴዛ ልብስ ጠቅልለው እዚህ ድረስ ይዘው እንደመጡ ታውቂያለሽ። በኤርፖርቱ ፍተሻ የተፈታው እሱ ጥቅል ብቻ ነበር። ካርታ ይጠፋል፣ ምስክር ይሞታል፣ ደረሰኝ ግን ይናገራል፤ ይህ የእናትሽ ሃይማኖት ነው፣ ከኦርቶዶክሱ ቀጥሎ። የገበረ ባለቤት ነው። ስለዚህ ግብር ሲመጣባቸው አገር መጣላቸው።

እኔ ይህን እያወቅሁ ነው ያበላሸሁት።

አንቺ የመንግሥት ደብዳቤ ሲመጣ ገልብጠሽ ከጀርባው ነበር ማንበብ የምትጀምሪው። «ደብዳቤ እንደ ሰው ነው፤ እውነቱን የምታገኘው ከጀርባው ነው» ትዪ ነበር። ቢሉን ገለበጥኩት። በአኔክስ የሚኖረው ሰው የዋናው ቤት ነዋሪ ዘመድ ከሆነ፣ ዕድሜውም ከስልሳ አምስት ካለፈ፣ አፕላይ ተደርጎ ግብሩ ጨርሶ ይነሳል ይላል። እንግሊዝኛው «ዲፐንደንት ሬላቲቭ» ነው። እንደ ልጅ ደስ አለኝ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወረቀቱን ይዤ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። እማማ የመዘምራኑን መጋረጃ ጫፍ እያጠፉ ይሰፋሉ። እኔም በዚያ በሥራ ድምፄ፣ ጥርት አድርጌ፣ «እማማ፣ የምሥራች! ጥገኛ ዘመድ ከሆኑ ግብሩ ይነሳልዎታል» አልኳቸው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ቀኑን ሙሉ በስልክ ሳስተረጉም የምውል ሰው ነኝ። «ጥገኝነት የጠየቁት መቼ ነው? ጥገኝነት የጠየቁበት ምክንያት ምንድን ነው?» እያልኩ ዓመታት አልፈዋል። ቃሉ አፌ ውስጥ ከመላመዱ የተነሳ ትርጉሙ ሟሙቷል። በሰላም ቤቱ ለተቀመጠ የደሴ ሰው ጥገኛ ምን ማለት እንደሆነ ረስቼዋለሁ።

እማማ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። መርፌውን መጋረጃው ላይ ሰኩ። «ጥገኛ?» አሉ። «እንደ ኮሶ?»

የለም እማማ፣ ሕጉ እንዲህ ነው የሚለው ብዬ ጀመርኩ። «የማን አንጀት ውስጥ ነው ያለሁት? ያንተ?» አሉኝ። ሕግ ነው፣ ለጥቅምዎ ነው፣ ግብሩ ይነሳል አልኩ። «ግብሩ ሲነሳ ስሜስ?» አሉ። እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን አስተርጓሚ ነኝ፣ አልጨምርም አልቀንስም፣ «ስምዎም ከቢሉ ላይ ይነሳል» አልኳቸው።

ያኔ ነው ድምፃቸው ዝቅ ያለው። እናትሽ ሲጮሁ አልፈራቸውም። «ልጄ ስትሞት ስሟን አስነሳህ። አሁን ደግሞ የኔን ልታስነሳ ነው። ቤቱን ለማን ነው የምታስለቅቀው ደረጀ? ሰው ካገኘህ ንገረኝ፤ አልቀየምም።»

ሙሉዬ፣ ማንንም አላገኘሁም። ለመሳቅ ሞከርኩ፣ አልሆነም። እሳቸውም መርፌያቸውን አነሱ።

በማግስቱ ሊዲያ ደወለች። «በልተሃል?» አላለችም። «ዳድ፣ እማማ ብሪክስተን ልትመጣ ነው። ሺ ኢዝ ፓኪንግ። ምን ብለሃት ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «ኮሶ ምንድን ነው?» አለች። እሱንም ነገርኳት። «ኦ ማይ ጎድ፣ ዳድ» አለች። ከዚያ፣ «እኔ ወለሉ ላይ እተኛለሁ፣ ኢትስ ፋይን። ግን ማሽኗን የት አደርግላታለሁ? ፍሪጅ ውስጥ እንኳ ያለኝ አንድ መደርደሪያ ነው» አለች። ወደ ጓሮ ብቅ ብዬ ባይ እውነትም የልብስ ስፌት ማሽኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በሩ አጠገብ ቆሟል። ሰው ሲሄድ መጀመሪያ የሚይዘው የሚያኖረውን ነው።

ላንቺ መደበቅ የለብኝምና ልንገርሽ፤ ፈራሁ። እናትሽ በየማለዳው ሻያቸውን አፍልተው በአትክልቱ በኩል መጥተው የኩሽናውን መስኮት በጣታቸው ይመታሉ። «ነቃህ?» ይላሉ። እኔም ነቅቼ እንደቆየሁ አድርጌ እመልሳለሁ። ያችን «ነቃህ»ን የሚለኝ ሌላ ሰው የለኝም። ደግሞም በዚህ ሁሉ ለንደን ውስጥ ስምሽን ሲጠሩ ድምፃቸው የማይለወጥ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው «ሙሉ» ሲል አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። እማማ ግን «ሙሉ ይህን ድስት ታሳርረው ነበር» ይላሉ፣ አሁን ከገበያ እንደምትመለሺ ሁሉ። ብሪክስተን ቢሄዱ አንቺም አብረሻቸው ትሄጂ ነበር። ሩብ ቅናሹ ያኔ አይበቃኝም።

በዚህ መሃል፣ ከዚያች እሁድ በፊት አፕላይ ያደረግሁትን የሚያጣራ ሰው ከካውንስሉ መጣ። ሊዲያን የሚያህል ልጅ ነው፤ ጫማዬን ላውልቅ ወይ ብሎ የጠየቀ። እማማ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው ተዘጋጅተው ነበር የጠበቁት። ገና ሳይቀመጥ፣ ከሊዲያ በስልክ ያጠኑትን እንግሊዝኛ አወረዱበት። «አይ ቴናንት!» አሉት ደረታቸውን መትተው። ቀጥለው እጄን ይዘው፣ እሱንም በጣታቸው እየጠሩ ወደ ዋናው ቤት አስገቡንና የሳሎኑን መጋረጃ አሳዩት። «ሬንት!» አሉ። የመኝታ ቤቱን መጋረጃ። «ሬንት!» የመታጠቢያ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ልጁ ወደኔ ዞሮ ምን እያሉ እንደሆነ እንዳስረዳው ጠየቀኝ።

አስተርጓሚ አይጨምርም አይቀንስም። «ተከራይ ነኝ፣ ኪራዬም መጋረጃው ነው እያሉ ነው» አልኩት።

ልጁ አንዱን መጋረጃ ገልበጥ አድርጎ ስፌቱን አየ። በጣም ጥሩ ሥራ ነው አለ። ግን ተከራይ ከሆኑ ነጻ የሚያደርጋቸው ሕግ አይሠራም፤ ግብሩ ይቀጥላል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በጋብቻ የተገኘ ዝምድና በዚህ ሕግ እንደ ሥጋ ዝምድና እንደሚቆጠር፣ ባለቤቴ ስላረፈችም አማቴ ዘመዴ መሆናቸው እንደማይቀር፣ ስለዚህ «ዲፐንደንት ሬላቲቭ» ተብለው መመዝገብ እንደሚችሉ ነገረኝ። ለመተርጎም አፌን ስከፍት እማማ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ። ምን አለ?»

«በጋብቻ የተዛመደ እንደ ሥጋ ዘመድ ነው፤ ሞትም አያስቀረውም አለ።»

«ካውንስሉ ነው እንዲህ ያለው?»

«አዎ እማማ።»

«ደህና። ከሱ ቀጥሎ ያለው ቃልስ? ዲፐን… ዲፐንደንት ነው ያለው?»

ወይ ጉድ፣ ተመልሶ መጣ አልኩ በልቤ። «አዎ» አልኩ።

«ይህን ቃል እኮ አውቀዋለሁ!» አሉ። «እኔን ለማምጣት በሞላችው ወረቀት ላይ ነበረ። ምን ማለት ነው ብዬ ጠይቄያት ሙሉ ነግራኛለች። ዲፐንደንት ማለት ጥግ ያላት እናት ማለት ነው ብላኛለች። አንተ ነህ ኮሶ ያደረግኸኝ።»

ሙሉዬ፣ ተቀመጥኩ። በመታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ፣ ካውንስሉ ፊት።

ጥግ! የመንግሥት መሥሪያ ቤትና ፍርድ ቤት በስሜ ደውለው የሚቀጥሩኝ አስተርጓሚ፣ ቃሉን ዕድሜዬን ሙሉ ሳኝከው ኖሬ ውስጡ ጥግ እንዳለ አላየሁም። አንቺ አንድ ቀን ወረቀት ስትሞዪ፣ እናትሽን እንዳያማቸው ብለሽ፣ ቅርፊቱን ልጠሽ ፍሬውን ሰጠሻቸው። ለኔም አልነገርሽኝ። መንገር የሚያስፈልገው ነገር አልመሰለሽም ይሆናል።

ልጁ መልስ እየጠበቀ ነው። እማማ ግን እሱን አላዩትም። እኔን አይተው፣ «ያኔ ጥጌ ልጄ ነበረች። አሁን ማን ነው?» አሉኝ።

ይህን አልተረጎምኩለትም። በሥራ ዘመኔ ሰው ፊቴ ተናግሮ ሳልተረጉም ያለፍኩት የመጀመሪያው ነገር ነው። «እኔ ነኝ እማማ» አልኳቸው። «የኔ ደግሞ እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ከሄዱ ማን ይቀሰቅሰኛል?»

እናትሽ እንደማያለቅሱ ታውቂያለሽ። የመጋረጃውን እጥፋት በመዳፋቸው አስተካከሉ። «ነቅተህ አታውቅም እኮ። ስታዛጋ በመስታወቱ አይሃለሁ» አሉ። ከዚያም፣ «በል እንግዲያው ይጻፍ በለው። ግን አንተም ትጻፋለህ። እኔ ብቻዬን ዲፐንደንት አልባልም።»

ይህኛውን ተረጎምኩለት። ልጁ ስክሪኑን ወደ ላይ ወደ ታች አድርጎ ፈለገ፤ ከልቡ ነው የፈለገው። ቅጹ ላይ ያለው የአንድ ሰው ቦታ ብቻ ነው አለ፣ በጣም ይቅርታ። እማማ አዘኑለት። አምባሻ በፎጣ ጠቅልለው አስያዙት።

ማሽኑ ወደ ቦታው ተመልሷል። ሊዲያ ደስ ብሏት አለቀሰች፤ ከፊሉ ለወለሉ ይመስለኛል። ግብሩ የመነሳቱ ደብዳቤም መጣ። የሚከፈል የለም ይላል። እኔ ስም ይነሳል ብዬ ያሸበርኳቸው በከንቱ ነበር፤ ከላይ የእናትሽ ስም ከነአባታቸው ቁጭ ብሏል። እማማ እንደተለመደው ጣታቸውን እያስሄዱ አነበቡትና ከደሴው ደረሰኝ ጋር ጠቅልለው አስቀመጡት። «ባዶም ቢሆን ደረሰኝ ነው» አሉ። ልጃቸውን አግብቼ ይህን ሁሉ ዘመን ስኖር፣ እኔን የሚመለከት ወረቀት በዚያ ጠረጴዛ ልብስ ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያው ነው፤ የዋናው ቤት ነዋሪ ተብዬ ስሜ ከታች አለበትና።

ለሙት ዓመትሽ ምግቡን እማማ፣ አዳራሹን ሊዲያ ይዘዋል። ለኔ የተሰጠኝ ወንበር መደርደር ነው። ካፖርትሽ ከተሰቀለበት አይወርድም፤ ይህን ተስማምተናል። የእማማ በርም እንዳለ ይኖራል፤ ኮሪደር የሚባል ነገር ማንም አያነሳም።

እረሳሻለሁ ብለሽ እንዳትሰጊ። እንዳልረሳሽ ብዬ ሻማ ማብራት፣ ፎቶ መስቀል የሚያስፈልገኝ ሰው አይደለሁም፤ ሥራዬ እንድረሳሽ አይፈቅድልኝም። ነገ ጠዋት እማማ መስኮቱን ይመታሉ፣ ነቅቻለሁ እላለሁ፣ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ። ከዚያ ከማላውቀው ከተማ፣ ከማላየው ክፍል አንድ የፈራ ሰው ይቀርባል። እኔም እንደ ደንቡ «ጥገኝነት የጠየቁት መቼ ነው?» እለዋለሁ። አልጨምርም፣ አልቀንስም። እኔ ግን በዚያ ቃል ውስጥ ያንቺን ቃል እሰማለሁ፤ ጥግ ያገኘኸው መቼ ነው እያልኩ እንደምጠይቀው አውቃለሁ። ከምሳ በፊት ብቻ ስንት ጊዜ እንደምጠራሽ ባየሽ።

ያንቺው ደረጀ
ከእማማ ቤት ፊት ለፊት